ድስቱ ከእሳት የወረደው መቼ ነው?

አብራሪና ረዳት አብራሪ ከአንድ ድስት እንደማይበሉ ታውቁ ነበር? በብዙ የዓለም አየር መንገዶች አንደኛው ዶሮ ከበላ ለሌላው ዓሣ ወይም አትክልት ይቀርብለታል። ምግቡ የተበላሸ ቢሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው እንዳይቀሩ፣ አውሮፕላኑን የሚያሳርፍ አንድ ጤነኛ ሰው እንዲተርፍ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በቦሌ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ስለ አውሮፕላኖቹ ሳይሆን ስለሚጭኑት ምግብ ሆኗል። እስቲ ዛሬ ይህን ላጫውታችሁ፤ መድረሻችን ግን ሰማይ ላይ አይደለም። እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ጓዳ ነው።

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የበረራ ምግብ ዝግጅት አለው። የዚህ ዓይነት ወጥ ቤት ከቤታችን የሚለየው በድስቱ ትልቅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ልዩነት ምግቡ በበሰለበት ቦታና ሰዓት አለመበላቱ ነው። ተሠርቶ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ በየሳህኑ ይደለደላል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል፣ በመኪና ተጭኖ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰማይ ላይ በትንሽ ምድጃ ይሞቃል። አስተናጋጇ ያበሰለውን ሰው አታውቀውም፤ ጠርታ "ይሄ የመቼ ነው?" ልትለው አትችልም። ስለዚህ መልሱ ከምግቡ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። ትሪው ወይም ጋሪው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተዘጋጀ፣ እስከ መቼ እንደሚበላ ትናገራለች።

ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ሲበጠስ ምን እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1975 ታይቷል። ከቶኪዮ ተነስቶ በአላስካዋ አንኮሬጅ በኩል ወደ ኮፐንሃገንና ፓሪስ ይበር የነበረ የጃፓን አየር መንገድ ጃምቦ ጄት 344 መንገደኞች ይዞ ነበር። ለቁርስ እንቁላል ከካም (ከአሳማ ሥጋ) ጋር ቀረበ። ኮፐንሃገን ከመድረሳቸው በፊት ማስመለስና ተቅማጥ ጀመራቸው፤ በጠቅላላው 197 ሰው ታመመ። ሲመረመር ካሙን ያዘጋጀው የአንኮሬጅ ወጥ ሠሪ ጣቱ ላይ ያመረቀዘ ቁስል ነበረበት። ከቁስሉ የገባው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ምግቡ በደንብ ሳይቀዘቅዝ በቆየባቸው ሰዓታት ተራብቶ መርዝ አመረተ። ምግቡ መሞቁ አላዳናቸውም። ባክቴሪያው በሙቀት ይሞታል፤ ቀድሞ ያመረተው መርዝ ግን ሙቀቱን ችሎ ይቀመጣል። አብራሪዎቹ የተረፉት የሰውነታቸው ሰዓት ገና ማታ ስለነበር ያንን ቁርስ ትተው ስቴክ ስለበሉ ነው።

አሁን ከቦሌ ተነሱና በሲኤምሲ በኩል ወደ ምሥራቅ ሂዱ። አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዚህ የከተማው ክፍል ነው። ከጎዳና የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በየቀኑ ያበላል። ልደቱን ወይም ሠርጉን ምክንያት አድርጎ፣ ለወላጆቹ መታሰቢያ ብሎ፣ የአንድ ቀን ምግብ ችሎ አብሯቸው የዋለ የከተማው ሰው ብዙ ነው። ከናንተም መካከል ሳይኖር አይቀርም። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም እንዲህ ያሉ ትናንሽና ትልልቅ መጦሪያ ቤቶች አሉ። የምነግራችሁ ነገር ለሁሉም ይሆናል፤ ሦስት አረጋውያን ለሚጦሩበት ግቢም ጭምር።

የእነዚህ ቤቶች ወጥ ቤትና የአየር መንገዱ ወጥ ቤት የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፦ የሚያበስለው ሌላ፣ የሚያጎርሰው ሌላ። ጠዋት የገባችው ሠራተኛ ከሰዓት ትወጣለች። ቅዳሜ ለማገዝ የመጡት በጎ ፈቃደኞች እሑድ የሉም። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ክክ ወጥ የትናንት ይሁን የትናንት በስቲያ ማንም እርግጠኛ የማይሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ አብዛኞቻችን የምናደርገው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ነው።

ማሽተት አያስተማምንም። ምግብ እንዲሸት፣ እንዲኮመጥጥ፣ እንዲያዝግ የሚያደርጉት ተሕዋስያንና ሰው የሚያሳምሙት ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ሳልሞኔላ ያለበት ሥጋ ምንም ላይሸት ይችላል። ይህ እውነት ለአረጋውያን የበለጠ ይከብዳል። ዕድሜ ሲገፋ የማሽተትና የመቅመስ ኃይል ይደክማል። ጀርም የሚገድለው የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፤ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስዱት ላይ ደግሞ ይብሳል። ለወጣት የሁለት ቀን ተቅማጥ የሆነው ነገር አረጋዊን ውኃ አሟጥጦ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ ይሉኝታው አለ። አንዲት እማማ ወጡ ቢኮመጥጥባቸው እንኳ ያጎረሰቻቸውን ልጅ እንዳያስቀይሙ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ይውጣሉ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሆዱን እንዳመመው በቃል ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ምግቡን የሚጠብቅላቸው ቀማሹ ምላስ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

እንግሊዞች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1984 ዌክፊልድ በምትባል ከተማ በሚገኘው የስታንሊ ሮይድ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕሙማንና አረጋውያን በሚታከሙበት ቤት፣ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ በሞቀ ወጥ ቤት ለሰዓታት ተቀምጦ ነበር። በሳልሞኔላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታመሙ፤ 19 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሆስፒታሎች በምግብ ንጽሕና ሕግ አይከሰሱም ነበር። ከዚህ አደጋ በኋላ ሕጉ ተለወጠና እ.ኤ.አ. በ1986 ያ ከለላ ተነሣ። ያን ሥጋ ማን፣ በስንት ሰዓት አወጣው የሚለውን አንዲት ወረቀት ብትይዘው ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

"እንግሊዝ አገር በጋው ሞቆ ነው፤ አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ምግብ አይበላሽም" የምትሉኝ አላችሁ። ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ እውነትም ይመስላል። ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል 18 ወይም 20 ዲግሪ ነው እንበል። ከጅግጅጋ ወይም ከሰመራ ቢዘገዩም እዚህም ይራባሉ። ደግሞ ትልቁ ችግር ያለው ከክፍሉ ይልቅ በድስቱ ውስጥ ነው።

ሰታቴ ሙሉ ሽሮ ማታ ከእሳት አውርዳችሁ ከድናችሁ ተኙ እንበል። ላዩ ይበርዳል። መሐሉ ግን ወፍራም ስለሆነ እንደ ጋቢ ራሱን ሸፍኖ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ብዙ ሰው በሚበላባቸው ወጥ ቤቶች የታወቀ ነው። ሲቸግረው ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር ይሆንና መፍላቱን ያልፈዋል። እዚህ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆንን ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ተራውን ባክቴሪያ ለመግደል ይበቃል፣ ዘሩን ለመግደል ግን 100 ዲግሪም አይበቃም ነበር። ድስቱ እየበረደ ለብ ሲል ዘሩ ይነቃል፤ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ሞተውለት ብቻውን ይፈነጫል። ሁኔታው የተመቸው ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሲሆን፣ አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። በእርዳታ የመጣ ሩዝም እንዲሁ ነው፤ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው የሩዝ ባክቴሪያ በበሰለ ሩዝ ላይ የሚያመርተውን የሚያስመልስ መርዝ በማግስቱ ማሞቅ አያጠፋውም።

አየር መንገዶች ለዚህ ውድ የሆነ ፈጣን ማቀዝቀዣ ክፍል አላቸው። መጦሪያ ቤት ይህ ላይኖረው ይችላል፤ ፊዚክሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ወፍራም ምግብ ለመቀዝቀዝ የሚፈጅበት ጊዜ በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በውፍረቱ ካሬ ያድጋል። አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ሽሮ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት ጊዜው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሰታቴውን ትታችሁ ወጡን ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ትሪዎች ገልብጡት፤ ትሪዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጡ፤ አማስሉት፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ልክ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ደግሞ ወደ 5 ማውረድ ነው። ርካሽ የምግብ ቴርሞሜትር አንድ መግዛት ከብዙ ክርክር ያድናል።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንመለስ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህኛው ነው። ፕላስተር ቅደዱ፣ ማርከር ያዙ፣ የምግቡን ስም ጻፉ። ቀጥሎ ቀኑን። እዚህ ላይ የኛ አገር ልዩ ነገር ይመጣል። በየትኛው ዘመን አቆጣጠር? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ይሠራል፤ ሠራተኞቹ ቤታቸው ሲገቡ ግን በመስከረምና በጥቅምት ይኖራሉ። መጦሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው። ከውጭ የመጣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ላይ "06/2026" ተጽፎ፣ በ2018 ዓ.ም. የሚያስብ ሰው ቢያየው ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። በሌላ በኩል ከውጭ ለማገዝ የመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት "12/07/2018" የሚል የኛ ቀን ሲያይ ምግቡ ዓመታት ያለፉበት መስሎት ይጥለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። "8 ሰዓት" ለእኛ ከቀትር በኋላ ነው፤ በ24 ሰዓት ለሚያነብ የጠዋት ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ለሽሮው ብዙ ነው።

መፍትሔው በጣም ያምራል፤ እስክትሰሙት ጓጉቻለሁ። በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር አንድ የሆነ ነገር አለ፦ የሳምንቱ ቀን። ማክሰኞ በፈረንጅም በሐበሻም ማክሰኞ ነው። የበሰለ ምግብ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ መቆየት ስለሌለበት፣ የቀኑ ስም ብቻ ለማደናገር ቦታ አይሰጥም። "ምስር ወጥ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የሚጣለው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉ። በዓለም ላይ ብዙ የምግብ ዝግጅት ቤቶች ይህንኑ በቀለም ይሠሩታል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ለሰኞ ሰማያዊ፣ ለማክሰኞ ቢጫ፣ ለረቡዕ ቀይ፣ ለሐሙስ ቡናማ፣ ለዓርብ አረንጓዴ፣ ለቅዳሜ ብርቱካናማ፣ ለእሑድ ጥቁር ነው። ቀለሙን እናንተ እንደፈለጋችሁ ልትመርጡት ትችላላችሁ፤ በግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ካልለዋወጣችሁት ይበቃል። ማንበብ የማትችል ድስት አጣቢም በአንድ ዓይን ስታይ "ይሄ የትናንት በስቲያ ነው" ማለት ትችላለች።

ስንት ቀን ይቆይ? የአሜሪካ የምግብ ደንብ በ5 ዲግሪ ለተቀመጠ የበሰለ ምግብ 7 ቀን ይፈቅዳል፤ የተሠራበት ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል። እንግሊዞች አብስሎ በማቀዝቀዝ ሥርዓታቸው ቢበዛ 5 ቀን ይላሉ፤ ያውም ከ3 ዲግሪ በታች። እኔ ግን መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ለአረጋውያን፣ ከሁለት ቀን እንዳያልፍ እላለሁ። ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ በሩ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሁለት ቀን ይቆያል፣ ግማሹ ብቻ ከተሞላ አንድ ቀን። መብራት የጠፋበትን ሰዓት በሩ ላይ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ከጀነሬተር ቀጥሎ ትልቁ ነገር ነው። ፍሪጅ ራሱም ሁሉን አያቆምም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ በቅዝቃዜም ቀስ እያለ ያድጋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በደቡብ አፍሪካ ፖሎኒ በሚባለው ቋሊማ መሰል ሥጋ ተሰራጭቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለዚህ ነው "ፍሪጅ ውስጥ ነው" የሚለው ብቻ መልስ የማይሆነው፤ ከመቼ ጀምሮ?

እንጀራ ላይ ደግሞ መልካም ወሬ አለኝ። እርሾው የሚያመጣው ኮምጣጣነት አብዛኞቹን አሳማሚ ባክቴሪያዎች አያስጠጋም፤ የእንጀራ ጠላት ሻጋታ ነው፤ እሱ ደግሞ በዓይን ይታያል። ድርቆሽ ውኃው ስለወጣ ከሁሉም ይቆያል። ፍርፍር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወጡ ነው የሚወስነው።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር፣ የኛ ወጥ ቤቶች መለየትን ከማንም በፊት ያውቁታል። የጾም ጭልፋ ከፍስክ ጭልፋ አይነካካም። ሥጋ የተቆረጠበት ቢላ ለጾም ሽንኩርት አይነሳም፤ እናቶቻችን ይህን ለማስጠበቅ ምንም ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋም ተቀላቅሎ አይሠራም። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላና መክተፊያ የበሰለውን አይንካ ብለው ለማሳመን የሚደክሙበት ልማድ ይኸው ነው። መጦሪያ ቤት ውስጥ ይህን ልማድ አንድ እርምጃ ማራዘም ይበቃል፦ ጥሬው ከታችኛው መደርደሪያ፣ የበሰለው ከላይ፤ ወረቀቷ ላይ ደግሞ "ጾም" ወይም "ፍስክ" ከሚለው አጠገብ "ጨው የሌለው"፣ "ለስኳር ሕመምተኛ"፣ "ለውዝ ያለበት"። ለበዓል ብሎ ሰው የሚያመጣው ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ግን ለእነሱ በጥሬው እንዳይቀርብ፤ አብስሉት።

ግምጃ ቤቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጆንያ ከወለልና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጣል፤ አየር ያገኛል፣ ነቀዝና አይጥ ይታያል። በርበሬና ኦቾሎኒ እርጥበት ካገኛቸው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመርት ሻጋታ ያበቅላሉ፤ መርዙን መታጠብም መቀቀልም አያስወግደውም። ደረቅ ዕቃ ላይ "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ" የሚለው የሱቅ ደንብ በእርዳታ ለሚኖር ቤት አይሠራም። ዛሬ የመጣው ፓስታ ባለፈው ወር ከመጣው ቀድሞ ጊዜው ሊያበቃ ይችላል። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ። ሕጉንም ላስታውሳችሁ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥርን የሰጠው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጊዜው ያለፈበት ምግብ በጽድቅ ስም ሲሰጥም ያው ጊዜው ያለፈበት ነው።

ከሠርግ ወይም ከተዝካር የተረፈ ይዛችሁ ለምትሄዱ ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ። የቦሌ አዳራሽ ውስጥ በ7 ሰዓት ቀርቦ እስከ ማታ 1 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ወጥ፣ ባልዲ ውስጥ ተከድኖ መኪና ኋላ ተጭኖ ሲሄድ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነው። ከተቻለ ገና ሳይቀርብ፣ ከወጥ ቤቱ ትኩሱን ለዩላቸው። ቀድማችሁ ደውሉ። ባልዲው ላይ ከእሳት የወረደበትን ሰዓትና ስልካችሁን ለጥፉ። ለጠረጴዛ ቀርቦ የተመለሰውን አትውሰዱ። እንዲያውም ጤፉን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን በጥሬው ሰጥታችሁ እዚያው ቢበስል ሁሉም ይቀላል።

መጨረሻ ላይ አንድ የማልተወው ነገር አለ። ብዙ የአየር መንገድ ወጥ ቤቶች ከሚያወጡት ምግብ ትንሽ ናሙና ያስቀራሉ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1996 በሳካይ ከተማ የትምህርት ቤት ምሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ካሳመመ በኋላ፣ ብዙ ሰው የሚመግቡ ወጥ ቤቶች ከእያንዳንዱ ምግብ 50 ግራም ያህል በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት እንዲያስቀምጡ መመሪያ አወጡ። እኛ ጋ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የፍሪዘር አንድ ጥግና ያችው ማርከር ናት። ከየድስቱ በንጹሕ ማንኪያ ትቀዳላችሁ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ትጽፋላችሁ። ከአረጋውያኑ አንዱ ቢታመሙ ሐኪሙ "ምን በሉ?" ሲል ከፍሪዘር አውጥታችሁ ትሰጡታላችሁ።